ጥያቄና መልስ፦ በእንጦጦ ጫካ ብስክሌት መንዳት

ጥያቄ፦ አስፋልት ላይ መንዳት የለመድኩ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነኝ። በእንጦጦ ፓርክ የጫካ መንገድ ላይ ግን ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥረኛል፤ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የኋላ ጎማዬ ይንሸራተታል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ፓርክ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው 30 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፤ ትንፋሽ ማጠሩ የሚጠበቅ ነው። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ያቅልሉ።

ዋናው ችግርዎ የፍሬን አያያዝ ይመስለናል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ ይቀላል፤ በኋላ ፍሬን ብቻ ሲተማመኑም ጎማው ይቆልፍና፣ በተለይ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ በተነጠፈበት መሬት ላይ፣ ይንሸራተታል። ስለሆነም ሁለቱንም ፍሬኖች ለስለስ አድርገው፣ ኩርባው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ይያዙ፤ ፔዳሎቹን አግድም አስተካክለው ከኮርቻው በመነሳት ወገብዎን ወደ ኋላ ይሳቡ። ለአስፋልት የተነፋ ጎማም ለጫካ ይጠጥራልና ነፋሱን ጥቂት ይቀንሱለት፤ ከመጠን በላይ ከቀነሱት ግን ድንጋይ ሲመታው ካላማዳሪያው ይበሳል። በክረምት ጭቃ ላይ መንዳት መንገዱንም ስለሚቦረቡር ባይሞክሩት እንመርጣለን።