ማናጀሩን ከመርገማችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያደጋችሁ፣ የቤዝቦል ቡድናችን ናሽናልስ በፕሌይኦፍ (ዋንጫውን በሚወስኑት የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታዎች) በተሸነፈ ቁጥር «ማናጀሩ (ዋና አሰልጣኙ) ነው ያስበላን» ትላላችሁ። አንዳንዴ ልክ ናችሁ። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ማናጀር የሚፈረድበት ኳሱ ከመወርወሩ በፊት በሚታወቀው ነገር ነው።

እስቲ ደብተር ያዙ። ከስድስተኛው ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱ) ጀምሮ ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ስንት ኳስ እንደወረወረ፣ መቺው ዛሬ ስንተኛ ጊዜ እየገጠመው እንደሆነ፣ ቀጥለው የሚመጡት ሦስት መቺዎች እነማን እንደሆኑ፣ ቡልፔን (ተቀያሪ ፒቸሮች የሚያሟሙቁበት ቦታ) ውስጥ ማን እየሞቀ እንዳለ ጻፉ። ሦስት ያልኩት በምክንያት ነው፤ ከ2020 ወዲህ ተቀይሮ የገባ ፒቸር ካልተጎዳ በቀር ሦስት መቺ ሳይገጥም ወይም ኢኒንጉን ሳይዘጋ አይወጣም። ለሦስተኛ ጊዜ የሚመጣ መቺ አደገኛ የሚሆነው ደግሞ ፒቸሩ ስለደከመ ብቻ አይደለም፤ መቺው ኳሱን ስለለመደውም ነው። ማሞቅ ደቂቃዎች ይፈጃል። «አሁኑኑ አውጣው!» ብላችሁ ስትጮኹ ቡልፔኑ ውስጥ የቆመ ሰው ከሌለ፣ ስህተቱ የተሠራው ከሁለት መቺ በፊት ነው።

የ2014ቱን ፕሌይኦፍ እንውሰድ፤ ናሽናልስ ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር፣ ሁለተኛው ጨዋታ። ፒቸራችን ጆርዳን ዚመርማን 1 ለ 0 እየመራ በዘጠነኛው ኢኒንግ አንድ አውት (አንድ መቺ ማስወጣት) ብቻ ቀርቶታል። ጆ ፓኒክን በዎክ (በአራት የተሳሳተ ኳስ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ፣ ወደ ቤዝ፣ በነጻ) አሳለፈ። 100 ኳስ ወርውሯል። ማናጀሩ ማት ዊሊያምስ አወጣውና ድሩ ስቶረንን አስገባ። በስተር ፖዚ መታ፣ ፓብሎ ሳንዶቫል ደገመ፣ 1 ለ 1። እኩል በመሆኑ ተራዝሞ፣ በ18ኛው ኢኒንግ የብራንደን ቤልት ሆም ራን (ከሜዳ የሚወጣ ምት) ጨዋታውን 2 ለ 1 ጨረሰው።

እኔ ብሆን ዚመርማንን አላወጣውም፤ ከስድስት ቀን በፊት ኖ ሂተር (ማንም ሂት፣ ማለትም ቤዝ የሚያደርስ ምት፣ ያላገኘበት ጨዋታ) የወረወረ ሰው ለአንድ ዎክ አይወጣም። ግን ስቶረንም በዚያ ዓመት በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 1.12 ነጥብ ብቻ የሚገባበት ፒቸር ነበር፤ ምርጫው እብደት አልነበረም። ማንም የማያነሳው ሌላ ነው፦ ናሽናልስ ከሦስተኛው ኢኒንግ በኋላ 15 ኢኒንግ ሙሉ አንድም ነጥብ አላገባም። በአራቱ ጨዋታዎች በ45 ኢኒንግ ያገኘው 9 ነጥብ ነው። ዱላውን የያዘው ዊሊያምስ አይደለም።

የ2020ው ወርልድ ሲሪስ (የሻምፒዮናው ፍጻሜ) ስድስተኛ ጨዋታ ከዚህ ይከብዳል። የታምፓ ቤዩ ብሌክ ስኔል 73 ኳስ ወርውሮ፣ ሁለት ሂት ብቻ ሰጥቶ፣ 1 ለ 0 ሲመራ ማናጀሩ ኬቨን ካሽ አወጣው። ቀጥለው የሚመጡት የሎስ አንጀለስ መቺዎች ሙኪ ቤትስ፣ ኮሪ ሲገርና ጀስቲን ተርነር ነበሩ፤ በዕለቱ ስድስት ጊዜ ገጥመውት ስድስቱንም ጊዜ በስትራይክአውት (ሳይመቱ አውት ሆነው) ተመልሰዋል። ሰው ሁሉ «ለምን አወጣው?» ይላል። ለሦስተኛ ጊዜ ሊገጥሙት ስለሆነ ምክንያት ነበረው። የእኔ ጥያቄ «ለምን በኒክ አንደርሰን?» የሚል ነው። አንደርሰን ከዚያ በፊት በገባባቸው ስድስት ተከታታይ ጨዋታዎች ነጥብ ገብቶበታል። ማውጣትና መተካት ሁለት ውሳኔዎች ናቸው፤ ለየብቻ መዝኗቸው። ታምፓ ቤይም በተሸነፈበት በዚያ ምሽት ያገባው አንድ ነጥብ ብቻ መሆኑን አትርሱ።

ጥፋቱ ንጹሕ የማናጀር የሆነበት ጨዋታ ከፈለጋችሁ ባልቲሞር ቅርብ ነው። በ2016 የባልቲሞር ዘጊ (መሪነትን የሚያስጠብቅ የመጨረሻ ፒቸር) ዛክ ብሪተን 47 ጊዜ ጨዋታ እንዲዘጋ ተጠርቶ 47ቱንም ዘግቷል። ቶሮንቶ ላይ፣ የተሸነፈ በሚሰናበትበት ጨዋታ፣ 2 ለ 2 ሆኖ 11ኛው ኢኒንግ ሲደርስ ማናጀሩ ባክ ሾዋልተር ግን ኡባልዶ ሂሜኔዝን አስገባ። ሦስት መቺ፣ ሦስት ሂት፤ የመጨረሻው የኤድዊን ኢንካርናሲዮን ሆም ራን ነበር። ብሪተን አንድ ኳስ ሳይወረውር ቀረ። በእንግድነት ስትጫወት ዘጊህን ለመሪነት አቆይ የሚለው ልማድ ነው ያሳሳተው፤ ያ መሪነት መምጣቱን ማን ነገረህ?

በ2019 ወርልድ ሲሪስ የመጨረሻ ጨዋታ ደግሞ እኛ በደስታ ስንጮህ ሂውስተኖች ማናጀራቸውን ኤጄ ሂንችን ይረግሙ ነበር፤ ፒቸራቸውን ዛክ ግሪንኪን በ80 ኳስ 2 ለ 1 እየመራ አወጣብን ብለው። የራሳቸው መቺዎች ግን የእኛን ፒቸር ማክስ ሸርዘርን በአምስት ኢኒንግ በሂትና በዎክ 11 ጊዜ ቤዝ ደርሰውበት ያገኙት ሁለት ነጥብ ነው። ተተክቶ የገባው ዊል ሃሪስ የወረወረው ኳስም ዝቅ ያለ፣ ወደ ውጭ የሄደ፣ ጥሩ ኳስ ነበር። የእኛው ሃዊ ኬንድሪክ አገኘውና የቀኙን ምሰሶ አስመታው፤ ሆም ራን ሆነ። በደብተሬ በዚያ መስመር ላይ የምጽፈው የሂንችንም የሃሪስንም ስም ሳይሆን የኬንድሪክን ነው።