መልስ፦ በረኪና ስበጠብጥ ያፍነኛል፣ ማስክ ደርቤም አልተሻለኝም ላልሽው

መስኮቱን ክፈቺ። ደሴ ብርድ ስለሆነ የዕቃ ማጠቢያ ክፍሉ ተዘግቶ ይውላል ብለሻል፤ የሚያፍንሽ ከበረኪናው ወጥቶ እዚያ የሚታመቀው የክሎሪን ጋዝ ነው። ማስክ ብትደርቢም ለውጥ የለውም። የቀዶ ጥገና ማስክም ሆነ ኤን 95 የሚባለው ማስክ ይህን ጋዝ አያስቀርም።

ስትበጠብጪ፦
1. ቀዝቃዛ ውሃውን ቀድመሽ ባልዲው ውስጥ አድርጊ። ሙቅ ውሃ ጋዙን ያብሰዋል።
2. በረኪናውን ከላይ ቀስ አድርገሽ ጨምሪ፤ ፊትሽን ባልዲው ላይ አትድፊ። ጠርሙሱ 5% የሚል ከሆነ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ 0.5% የክሎሪን ውሃ ይሆንልሻል። "ይጠንክር" እያሉ ማወፈር ትርፉ ሳል ነው።
3. ባልዲውን ክደኚ። በመርጫ አትርጪ፣ በጨርቅ ጥረጊ።

ከልምዴ አንድ ነገር ልንገርሽ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም እንዳትቀላቅይ። ሽንት ያለበት ዕቃ ላይም በቀጥታ አታፍስሺው፤ መጀመሪያ ሽንቱን ደፍተሽ ዕቃውን በውሃ አለቅልቂው። ኮምቦልቻ ስሠራ አንዷ ጽዳት ሠራተኛ በረኪናና አሲድ ቀላቅላ ዓይኗ እያለቀሰ፣ ትንፋሽ አጥሯት ደግፈን አወጣናት።

ሳሉ በእረፍት ቀንሽ እየቀለለ ሥራ ስትገቢ ከተመለሰ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ታዪ። የሥራ አስም (ከሥራ ቦታ የሚመጣ አስም) የሚጀምረው እንዲህ ነው። ለሐኪሙ ምን እንደምትበጠብጪ ጭምር ንገሪው።