እያነባ የሚደርቅ ዓይን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በጋው ገብቶ እዚህ ጎንደር ከአዘዞ እስከ ፒያሳ አቧራው ተነስቷል። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ዓይን ስለሆኑ አራቱን አብሬ ልመልስ።

ባጃጅ እነዳለሁ። ዓይኔ ይቆረቁረኛል፤ ነፋስ ሲነካው ደግሞ እንባዬ ይወርዳል። ሐኪም ቤት ስሄድ "ዓይንህ ደርቋል" አሉኝ። እያነባ እንዴት ይደርቃል?

እንባ ውሃ ብቻ አይደለም፣ ወንድሜ። ከላይ ስስ ቅባት አለው፣ መሀሉ ውሃ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ዓይን ላይ የሚያጣብቀው ዝልግልግ ነገር አለ። ቅባቱን የሚያመነጩት በዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ናቸው። እነሱ ሲደፈኑ ውሃው ቶሎ ይተናል፤ ዓይን ይደርቃል፣ ይቆጠቁጣል። በዚህ ጊዜ ዓይን ራሱን ለመከላከል ብዙ ውሃ ይለቃል። ቅባት የሌለው ውሃ ግን ዓይን ላይ አይቆይም፤ ጉንጭህ ላይ ይወርዳል።

ስለዚህ ወደ ጠብታ ከመሮጥህ በፊት ሙቀት ሞክር። ንጹህ ጨርቅ ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረህ ጨምቀው። መጀመሪያ ክንድህ ላይ አሳርፈው፤ ካቃጠለህ ይብረድ። ከዚያ ዓይንህን ጨፍነህ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አድርገው። ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ደጋግመህ ንከረው። ስትጨርስ በታጠበ ጣት የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ በቀስታ እሸው። ጠዋትና ማታ፣ ለሳምንታት። በሁለት ቀን ለውጥ ካላየሁ ብለህ እንዳትተወው። ስትነዳ ደግሞ ጎኑ የተሸፈነ መነጽር አድርግ።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። ጭሱ ዓይኗን ሲያቀላው ከመድኃኒት ቤት ጠብታ ትገዛለች፤ ቅላቱ ወዲያው ይጠፋላታል። ዓመት አልፏታል። ችግር አለው?

ሊኖረው ይችላል። እባክሽ ዛሬውኑ ብልቃጡን አንሺና ስሙን አንብቢ። ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ካለበት ስቴሮይድ የሚባል ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ቅላትን ቶሎ ስለሚያጠፋ ሰው ይወደዋል። ያለ ሐኪም ክትትል ለወራት ሲወሰድ ግን የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ግፊቱ ምንም ሳያሳምም የዕይታ ነርቭን ይጎዳል። ይህ ግላኮማ ነው፤ በእሱ የጠፋ ዕይታ አይመለስም። የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል። በሐኪም ትእዛዝ ሲሆን ጥሩ መድኃኒት ነው። ያለ ትእዛዝ እንደ ከረሜላ መሸጡ ግን ያናድደኛል።

ሌላ ብልቃጥ ሳይገዙ በፊት እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂና ግፊታቸውን ያስለኩ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው። ድርቀት ብቻ ከሆነ ሰው ሰራሽ እንባ የሚባለው ጠብታ ይበቃቸው ይሆናል። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመረው ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ጠይቁ። ጭሱንም ነገር አስቡበት፤ የጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ከማንኛውም ጠብታ ይበልጥባቸዋል።

የማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፕ ላይ ሳመሽ ዓይኔ ይቃጠላል። ለአለርጂ ሴትሪዚን እወስዳለሁ።

ሰው በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ይህ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። በየ20 ደቂቃው ቀና ብለሽ ራቅ ያለ ነገር እይ፤ ዓይንሽንም ሙሉ በሙሉ ጨፍነሽ ግለጪ። ስክሪኑን ከዓይንሽ ትንሽ ዝቅ አድርጊው። ሴትሪዚንም ዓይን ሊያደርቅ ይችላልና ያዘዘልሽን ሐኪም አማክሪ።

አያቴ ዓይኔን ወጋኝ እያለች ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ትነቅላለች። የዓይን ድርቀት ጠብታ ልግዛላት?

አይ፣ ይህ ሌላ ነገር ይመስላል። ትራኮማ ከልጅነት ጀምሮ ሲመላለስ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ያጠባስሰዋል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ፀጉሩ የዓይን ብሌንን ይፍቃል። በክልላችን ስንት እናቶችን ያሳወረው ይህ ነው። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል፤ መሀል ላይ የተቆረጠው ደግሞ ይብስ ይወጋል። ጠብታ የታጠፈ ቆብ አያቃናም። የሚያቃናው ቦታውን ብቻ አደንዝዞ የሚሰራ አጭር ቀዶ ጥገና ነው፤ የሰለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያም ይሰሩታል። ቶሎ ውሰዳቸው። በዚያው ቀን ዓይናቸው ታሽጎ ወደ ቤት ስለሚመለሱ እጃቸውን ይዞ የሚያመጣቸው ሰው አይጥፋ።