ስፒከሩን ከመቀየርህ በፊት አምፑ ላይ ሰው አስቀምጥ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ የድሮ ቁስሌን ነካው። «ባስ ጊታር ነው የምጫወተው፤ ባለ 15 ኢንች ኮምቦ አምፕ አለኝ፤ ወፍራሙ ክር ላይ ሦስተኛውን ፍሬት ስይዝ ዝዝዝ ይላል፤ ሌላው ቦታ ሰላም ነው። ስፒከሩ ተቃጥሎ ይሆን? አዲስ ልግዛ?» ነው ያልከው። (ለማያውቅ፦ ኮምቦ ማለት አምፑና ስፒከሩ አንድ ሳጥን ውስጥ ያሉበት ነው፤ ፍሬት ደግሞ የጊታሩ አንገት ላይ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች።) ቆይ፣ ገንዘብህን አታውጣ።

የተቃጠለ ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ ኖታ አይመርጥም። ወይ ጭራሽ ዝም ይላል፣ ወይ ወፍራሙ ድምፅ ላይ ሁሉ ይቧጥጣል። አንድ ኖታ ላይ ብቻ የሚነሳ ጫጫታ ግን ብዙ ጊዜ የላላ ነገር ነው። ያ የያዝከው ኖታ፣ ጂ፣ 49 ኸርዝ ነው፤ ስፒከሩ በሰከንድ 49 ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ይላል ማለት ነው። የላላ ነገር ሁሉ ደግሞ የራሱ የሚነሳበት ድምፅ አለው። ያንተ 49 ላይ ይነሳል፤ ማን እንደሆነ መፈለግ ነው የቀረህ።

እኔ የላላውን ሳልፈልግ ነው አዲስ ስፒከር የገዛሁት። ከዓመታት በፊት አንድ ሆቴል ውስጥ ስጫወት አምፔ ኤ ኖታ ላይ እንደ አሮጌ ባጃጅ ይንጫጫ ነበር። ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። «ስፒከሩ አልቋል» አለኝ። ገዛሁ፣ አስገጠምኩ፣ ከፈልኩ። ማታ ከፍቼ ኤ ስመታ ያው ነው! ሁለት ሳምንት እንደተናደድኩ ቆየሁ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ድራመራችን ሻዩን ይዞ አምፑ ላይ ቁጭ አለ። ጫጫታው ጠፋ። ተነሳ፣ መጣ። ቁጭ አለ፣ ጠፋ። የጎን መያዣው ነበር፤ ሁለት ብሎን ላልቷል። አጠበቅነውና ከሥሩ ቁራጭ ስፖንጅ ወተፍንበት፣ አለቀ። አሮጌው ስፒከሬ? ጠጋኙ ጋ ቀረ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጊታሩን ነፃ አውጣው። ሳትሰካው ጆሮህን እንጨቱ ላይ አስጠግተህ ያንን ጂ ምታ። እዚያም ከጮኸ ክሩ ፍሬት እየመታ ነው፣ አምፑን ተወው። ካልጮኸ ስልክህ ላይ ድምፅ የሚያመነጭ አፕ ጫንና በኬብል ከአምፑ ጋር አገናኘው። 49 ላይ አድርገው፤ ከዚያ ከ40 እስከ 100 ቀስ እያልክ ውጣ። ድምፁን ግን መካከለኛ ላይ ያዘው፤ እንዲህ ያለ ያልተቋረጠ ወፍራም ድምፅ ሲጮህ ጤነኛ ስፒከርም ይጎዳል። ጊታር ሳይኖር ዝዝዝ ካለ ጥፋቱ የጊታሩ አይደለም።

ድምፁ እየተለቀቀ በመዳፍህ ዙር። መያዣዎቹን ተጫን፣ የፊቱን ወንፊት፣ የማዕዘን ብረቶቹን፣ የፋብሪካው ስም ያለበትን ፕላስቲክ፣ ከኋላ የጃክ መሰኪያውን ዳዶ፣ እግሮቹን። ላዩ ላይ የተቀመጠ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ፔዳል ሁሉ ይውረድ። ቦታው ካልለይልህ አንድ ሜትር የውሃ ጎማ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን ሳጥኑ ላይ እያዞርክ አዳምጥ። ሳቅ፣ ግን ይሠራል። ደግሞ አምፑን ወደ ሌላ ክፍል አውጣው። የድራሙ የስኔር ሽቦ፣ የመስኮት መስታወት፣ የጣሪያ ቆርቆሮ አብረው ይዘፍናሉ፤ እኛም አምፑን እንረግማለን።

ይሄ ሁሉ ካልሆነ አጥፋው፣ ከሶኬት ንቀለውና ስፒከሩን እይ። ብሎኖቹን በመስቀለኛ ተራ (አንዱን፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን) አጥብቅ፣ ግን አታክርር፤ ፍሬሙ ይጣመማል። እንጨቱ ተበልቶ ብሎኑ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ ስቴኪኒ በእንጨት ኮላ ነክረህ ቀዳዳው ውስጥ ክተት፣ ሲደርቅ መልሰህ እሰር። ከዚያ የስፒከሩን ወረቀት በሁለቱም እጅህ ጣቶች ዙሪያውን እኩል ይዘህ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ግፋው። ምንም ድምፅ መስማት የለብህም። ክርርር የሚል መቧጠጥ ከመጣ ኮይሉ (ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የሽቦ ጥቅል) ማግኔቱን እየነካ ነው፤ ያኔ አዲስ ስፒከር ብትገዛ አልከራከርህም። መሀል ያለችው ክብ ክዳን ጠርዟ ከተላቀቀ፣ ወይም ወደ ኮይሉ የሚሄዱት ለስላሳ ሽቦዎች ወረቀቱን የሚመቱ ከሆነ ግን በትንሽ ሙጫና በትዕግስት ይድናል።

ሄድፎን መሰኪያ ካለው ሳትረሳ ሞክረው። እዚያም ዝዝዝ ካለ ችግሩ ከኤሌክትሮኒክሱ ነው። ጊታርህ ባትሪ የሚበላ ከሆነ መጀመሪያ ባለ 9 ቮልቷን ቀይር፤ አንድ ሰርግ ላይ ሙሉ ምሽት አምፑን ስወቅስ ጥፋቱ የባትሪዋ ነበር። የአምፑን ሆድ ግን አትክፈት። ካፓሲተሮቹ ከሶኬት ተነቅለውም ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ፤ በቱቦ (አምፑል በሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች) በሚሠሩት ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። የቱቦ አምፕ ካለህ ደግሞ ስፒከሩን ነቅለህ አታጫውተው።

ሳትጫወትም የሚያጉረመርም ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው፤ መብራቱ ነው። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ጉርምርምታው ካንተ ጂ ትንሽ ከፍ ብሎ ይሰማል፣ ጆሮህን እንዳያታልልህ። አሜሪካ ያላችሁት 60 ነው የምትሰሙት፣ በቢ ፍላትና በቢ መካከል ይወድቃል። ክሩን ስትነካ ድምፁ የሚቀንስ ከሆነ ጊታሩ ከውጭ የሚመጣውን ረብሻ እየለቀመ ነው፤ የቤትህ ሶኬትም ግራውንድ (የመሬት ሽቦ) እንዳለው በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስፈትሽ። «ድምፁ ይጠፋል» ብሎ የስፒናውን የግራውንድ እግር ቁረጥ የሚልህን እንዳትሰማ፤ ሰው ይገድላል።

አሁን ጓደኛህን ጥራና አምፑ ላይ አስቀምጠው። የጫጫታው ምንጭ ካልተገኘ ድምፁን ቀርፀህ እዚህ ለጥፈው። የስልክ ማይክ ወፍራሙን ድምፅ በደንብ አይዝም፤ ዝዝዝታውን ግን ቁልጭ አድርጎ ይይዛል።