መልስ፦ አዋጅ የሰፈር ባህል ይቀይራል ወይ?

ወንድሜ «መንግስት ህግ ይቀይራል እንጂ የሰው ባህል በአዋጅ ይቀየራል እንዴ?» ብለህ ለጠየቅከው፣ በደንብ ይቀየራል ነው የምልህ፣ ሩቅ ሳትሄድ አዲስ አበባን እይ። ሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግስት አደረገው፣ ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ ከዛ በላይ ያለው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግስት መስሪያ ቤት ሄደ፣ ኪራዩም ተቀነሰ።

እኔ ያደግኩት ቀበሌ ቤት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ሳትጠራ ጠጥታ አታውቅም። ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ ማንም አይለቅም፣ ሰው ሰላሳ አርባ አመት በአንድ በር ሲገባ ሲወጣ ዘመድ ይሆናላ! እድር ድሮም ነበር፣ ግን እንደዛ የተሳሰረው በዚህም ምክንያት ይመስለኛል።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ያፈሳል፣ አልጋ ላይ ሳፋ ደቅነን ነው የምናድረው፣ ቀበሌው በዛች ኪራይ ከየት አምጥቶ ይጠግናል፣ እኛ እንጠግን ስንል ደግሞ ፈቃድ አምጡ እንባላለን፣ መሃል ከተማው እንደዛ ያረጀው ለዚህ ነው።

በኋላ ሰፈሩ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሲመጣ ሁሉም በእጣ የደረሰው ቦታ ሄደ። እናቴ አሁንም አራተኛ ፎቅ ላይ ረከቦቷን ዘርግታ ስድስት ሲኒ ትደረድራለች፣ የሚመጣው ግን አንድ ሰው ነው።