መለያው የጠፋ ገል

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ደወለችልኝ። እዚሁ ጎንደር ዙሪያ ብቻዋን የአርኪዮሎጂ የገጽ ዳሰሳ ትሠራለች፤ ሳትቆፍር፣ መሬት ላይ የሚታየውን ገል (የድሮ ሸክላ ስባሪ) እየለቀመች ከየት እንዳነሳችው ትመዘግባለች። «ጋሼ፣ የሁለት ፌስታል ገል መለያ ጠፋብኝ። ከየት እንደለቀምኩት አላውቅም። ምን ላድርግ?» አለችኝ። ቶሎ መልስ አልመጣልኝም።

እኔም በእሷ ዕድሜ ብቻዬን ወጥቻለሁ። ከአዘዞ ወዲያ፣ የኖራና የድንጋይ ፍርስራሽ ያለበት አንድ ኮረብታ ላይ። አፄ ፋሲል ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 እንደቆረቆሩ ሁሉም ያውቃል። ፋሲል ግቢም እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። እኔ የፈለግሁት ግን ግንብ ሲሠሩ የዋሉት ሰዎች በምን አብስለው ይበሉ እንደነበር ማወቅ ነው።

ገንዘቡ ዘግይቶ ሰኔ ላይ ወጣሁ። ኮረብታውን በገመድ ከፋፈልኩ። የየክፍሉን ገል ለየብቻ ከትቼ መለያውን በእስክርቢቶ ጻፍኩ። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ። ማታ ፒያሳ ያለችው ክፍሌ ገብቼ ፌስታሎቹን ስፈታ ወረቀቱ ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። አንድም ቁጥር አይነበብም። 11 ፌስታል!

አከራዬ ሰፌድ አምጥተው ገሉን ለማድረቅ አገዙኝ። አንዱን ጠፍጣፋ ስባሪ አንስተው በአውራ ጣታቸው አሹት። «ይሄማ ምጣድ ነው። ፊቱ ጎመን ዘር የጠገበ መሆኑን አታይም?» አሉኝ። ገልብጠው ሻካራ ጀርባውን አሳዩኝ። ያን ማታ ከሳቸው የተማርኩት ከአንድ ሴሚስተር ይበልጣል። አልጻፍኩትም፤ እሱም ይቆጨኛል።

ከዚያ አዲስ ወረቀት ቆረጥኩ። ይሄ ከላይ፣ ይሄ ከግንቡ ሥር እያልኩ በግምት ሞላሁት። ሠንጠረዥ ሆኖ ጽሑፌ ውስጥ ገባ። ማንም አልጠየቀኝም፤ አለፍኩ። ከዓመታት በኋላ አንድ ልጅ በጥናቱ ሠንጠረዤን ጠቅሶ አየሁ። ምጣዱ ከግንቡ ሥር ስለተገኘ ማድ ቤቱ እዚያ ነበር ብሎ ደምድሟል። ማድ ቤቱን እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ዝም አልኩ።

የዛሬ ልጆች ከስልካችሁ ቀና አትሉም እላለሁ ሁሌ። ሜዳ ላይ ቆሞ የሚያይ ዓይን እየጠፋ ነው። ግን ያኔ አንድ የስልክ ፎቶ ቢኖረኝ ያድነኝ ነበር። ስለዚህ ፎቶ አንሱ፤ ፌስታሉን ከነመለያው፣ ከነቦታው። በእርሳስ ጻፉ፤ እርሳስ ውሃ አይፈታውም። ስለ ፈቃድ አልነግራችሁም፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ እንደማይነካ ታውቃላችሁ። ጥናታችሁን ብቻችሁን ሥሩ። ማስታወሻችሁን በየሳምንቱ የሚያነብ አንድ ጓደኛ ግን ይኑራችሁ። እኔ ያን ሌሊት የሚያየኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እጄ አይጽፍም ነበር።

ልጅቷን «ቦታው ያልታወቀ ብለሽ ጻፊበት። ለብቻው ቁጠሪው፣ በጽሑፍሽም ተናገሪው» አልኳት።

«ውጤቴ ይቀንሳል እኮ ጋሼ።»

«ይቀንስ፣ ልጄ።»

ሠንጠረዤን የጠቀሰውን የዚያን ልጅ ስልክ ቁጥር ትናንት አገኘሁ። አሁን እሱም አስተማሪ ሆኗል። እሑድ እደውልለታለሁ።