መልስ፦ ከተማው የግራንድ ጁሪውን ምክር የመፈጸም ግዴታ አለበት?

ሰላም እህቴ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሲቪል ግራንድ ጁሪ (የአካባቢ መንግሥትን አሠራር የሚመረምር የነዋሪዎች ቡድን) ሪፖርት ሲያወጣ ከተማው የተባለውን የመፈጸም ግዴታ አለበት ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። የመፈጸም ግዴታ የለበትም። መልስ የመስጠት ግን አለበት።

ጊዜው በሕግ የተቆረጠ ነው። ለከተማ ምክር ቤት ወይም ለካውንቲው ቦርድ 90 ቀን፣ እንደ ሸሪፍ ላለ የተመረጠ የካውንቲ ባለሥልጣን 60 ቀን ይሰጣል። መልሱ በጽሑፍ ለካውንቲው ፍርድ ቤት (ሱፒሪየር ኮርት) ሰብሳቢ ዳኛ ይላካል።

ዋናው ነገር አመላለሱ ነው። «አይተነዋል፣ እናመሰግናለን» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ለእያንዳንዱ ግኝት እንስማማለን ወይም አንስማማም ይላሉ፤ ካልተስማሙ ምክንያቱን ይጽፋሉ። ለእያንዳንዱ ምክረ ሐሳብ ደግሞ ከአራት አንዱን ይመርጣሉ፦ ፈጽመነዋል፣ በዚህ ጊዜ እንፈጽመዋለን፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል፣ ወይም በዚህ ምክንያት አንፈጽመውም።

እኔን የሚያሳስበኝ «ጥናት» የሚለው ነው። ጥናቱ ሪፖርቱ ከወጣ ከ6 ወር ማለፍ የለበትም። ግን ጁሪው በየዓመቱ ስለሚቀየር ጊዜው ሲያልቅ ጥያቄውን ያነሱት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ወንበሩን ለቀዋል። ያኔ የሚከታተል ነዋሪ ከሌለ ነገሩ ተዳፍኖ ይቀራል።

ስለዚህ የመልሱን ቅጂ ከከተማው ጸሐፊ ቢሮ ጠይቂ፤ የሕዝብ ሰነድ ነው። ምክር ቤቱ መልሱን የሚያጸድቀው ለሕዝብ ክፍት በሆነ ስብሰባ ነው። ቀኑን አጀንዳው ላይ ፈልጊና ሄደሽ ተናገሪ። ከጎረቤቶችሽ አንድ ሁለት ሰው ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።